ቲና ተርነር፦ ከፍታዋ የት ነው? ዝቅታዋስ?

ሸክላ ሰብሳቢ ጻፈ፦

የቲና ተርነር ስም በተነሳ ቁጥር የሚተረከው ያው አንድ ታሪክ ነው። ከባሏ ከአይክ ተርነር ጋር ዘፈነች፣ ተደበደበች፣ ጥላው ወጣች፣ ስምንት ዓመት ጠፋች፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1984 «ፕራይቬት ዳንሰር» የተባለው አልበም ወጣና ዓለም ተንበረከከላት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ሐሰት ነው አልልም። መሃል ላይ ያሉት ዓመታት ግን «የጠፋችበት ዘመን» ተብለው ሲታለፉ በጣም ያንገበግበኛል።

እኔ የምለው፣ ከ1976 እስከ 1983 ያለው ጊዜ የኪሷ ዝቅታ ነበር እንጂ የዘፋኝነቷ ዝቅታ አልነበረም። በ1976 የበጋው ወራት ዳላስ ላይ ከሆቴሉ ሾልካ ስትወጣ የያዘችው 36 ሳንቲምና አንድ የነዳጅ ካርድ ነው። ፍቺው በ1978 ሲያልቅ አጥብቃ ያስከበረችው ስሟን ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «ቲና ተርነር» የሚለውን ስም ያወጣውም ያስመዘገበውም አይክ ነበር፤ እሷ ብትሄድ ሌላ ሴት በዚያው ስም አሰልፎ እንዲያዘፍን። የተሰረዙት ኮንሰርቶች ዕዳም እሷ ላይ ወደቀ። ዕዳውን በሆቴል አዳራሾችና በቴሌቪዥን የመዝናኛ ዝግጅቶች እየሠራች ከፈለችው።

ሰው ይህን ሲሰማ «እስከዚያ ድረስ ወረደች እንዴ?» ይላል። እኔ ግን የሚታየኝ፣ ወደ ሃያ ዓመት ያህል የሌላ ሰው ትእዛዝ ስትፈጽም የኖረች ዘፋኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ትርኢት ራሷ ስትመራ ነው። በ1984 ያየናት ሴት ከሰማይ አልወረደችም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው የተሠራችው።

ዝቅታዋ የቱ ነው ካላችሁኝ 1986 ነው እላለሁ፤ «ብሬክ ኤቭሪ ሩል»። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እናንተን ልስማ፤ ግን በምክንያት ይሁን።


ጥሬ ድምፅ ጻፈች፦

ግማሹ ይዋጥልኛል፣ ግማሹ አልዋጥ ብሎኛል።

መድረኩን እሺ ልበልህ። ሸክላዎቹንስ ምን ልታደርጋቸው ነው? በ1978 «ረፍ»፣ በ1979 «ላቭ ኤክስፕሎዥን»። ሁለቱንም ከዳር እስከ ዳር ሰምቻቸዋለሁ፤ በተለይ ሁለተኛውን ድጋሚ መስማት ይከብዳል። ነገሩ ዲስኮ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የዲስኮ ከበሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይነቃነቅ ነው የሚመታው፤ በላዩ ላይ ለስልሶ የሚንሳፈፍ ድምፅ ይፈልጋል። የቲና ድምፅ ደግሞ ከከበሮው ጋር ግብግብ የሚገጥም ነው። እሱ ካልመለሰላት፣ እሷ ስትጨምር እሱም ካልጨመረ፣ ብቻዋን የምትጮህ ነው የምትመስለው። በዚያ አልበም ላይ የሚሰማው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1983 ድረስ የሸክላ ኩባንያ የሚባል አልነበራትም። ይህ ዝቅታ ካልተባለ ምን ይባላል?

ከፍታዋን ከጠየቅከኝ «ሪቨር ዲፕ ማውንቴን ሃይ»፣ 1966። ፕሮዲዩሰሩ ፊል ስፔክተር ለአይክ ከፍሎ ከስቱዲዮ አራቀው፤ ስሙ ሸክላው ላይ ይጻፍ፣ ሰውየው ግን አይግባ። ሎስ አንጀለስ ጎልድ ስታር ስቱዲዮ ውስጥ ያን ሁሉ ሙዚቀኛ ደርድሮ እሷን መሃል አቆማት። ከዚያ በፊት አይክ ሲያዘፍናት የሚፈልገው ጩኸቷን ነበር። እዚህ ግን ዜማ እንድትዘፍን ተጠየቀች፤ በኋላም በዚህ ምክንያት እንደወደደችው ደጋግማ ተናግራለች። መግቢያው ላይ ስለ ሕፃንነቷ አሻንጉሊት ስትዘፍን ድምፅዋ ዝቅ ያለና የተያዘ ነው። ከዚያ አዝማቹ ይመጣል፤ ቫዮሊኑ፣ ጥሩምባው፣ ከበሮው፣ ተቀባዮቹ አንድ ላይ ይወርዱባታል፤ እሷ ከሁሉም በላይ ትሰማለች። ያን ሁሉ መሣሪያ ችሎ መውጣት የሚችል ድምፅ ስንት አለ?


የቤዝ መስመር ጻፈ፦

ጥሬ ድምፅ፣ «ሪቨር ዲፕ» አሜሪካ ውስጥ 88ኛ ላይ ነው የቆመው እኮ። እንግሊዝ 3ኛ ወጣ፤ ግን አገሯ ውስጥ ማንም አልሰማውም።


ጥሬ ድምፅ ጻፈች፦

እና? የሰንጠረዡ ቁጥር የዘፈኑ ጥፋት ነው? የጥቁሮቹ ሬዲዮ ጣቢያዎች የነጭ ሙዚቃ ነው አሉ፣ የነጮቹ ደግሞ የጥቁር ነው አሉ፤ መሃል ላይ ወደቀ። እንግሊዞች እንዲህ ዓይነት አጥር ስላልነበረባቸው ሰሙት። ሮሊንግ ስቶንስም በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ መክፈቻ አድርገው ይዘዋት ዞሩ። የሮክ መድረክ የተከፈተላት በዚያ ዘፈን ነው።


የቤዝ መስመር ጻፈ፦

እሱን አልክድም። የእኔ ምርጫ ግን «ፕራውድ ሜሪ» ነው፣ 1971። ይህን ዘፈን በባንድ የተጫወተ ሰው የማወራው ይገባዋል።

የመጀመሪያው የክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል ቅጂ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በአንድ ፍጥነት የሚሄድ ጥሩ ዘፈን ነው። የአይክና የቲና ቅጂ ግን ሁለት ዘፈን ነው። መጀመሪያ ታወራለች። ቀስ ብለን እንጀምረዋለን፣ አጨራረሱ ላይ ግን ሸካራ እናደርገዋለን ትላለች። ጊታሩ አልፎ አልፎ ብቻ ይነካል፤ የአይክ ወፍራም ድምፅ ከስር ይከተላታል። ቲና በዚህ ክፍል ድምፅዋን ጨርሳ አታወጣውም፤ ጉልበቷን አፍና ትይዘዋለች፤ አድማጭ እንደያዘችው ያውቃል። ከዚያ ከበሮው ይሰብረዋል፣ ጥሩምባዎቹ ይገባሉ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ቤዝ የያዘ ሰው የሚፈተነው እዚያ ሽግግር ላይ ነው። ትንሽ ቸኩሎ ከገባ ቀስ ብሎ የተገነባው ሁሉ ይፈርሳል።

አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ፣ ግራሚም አመጣላቸው። ደግሞ አስቡት፣ እስከ መጨረሻው የኮንሰርት ጉዞዋ ድረስ ሳትዘፍነው አልቀረችም። በ2008 ግራሚ ላይ ከቢዮንሴ ጋር የዘፈነችውም ይኸንኑ ነው፤ ያኔ 68 ዓመቷ ነበር። የዘፋኝ ከፍታ ማለት ለእኔ ለአርባ ዓመት የማይሰለች ነገር መሥራት ነው።


ከመድረክ ጀርባ ጻፈች፦

የቤዝ መስመር፣ ቅንብሩ ላይ የምትለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያ ቅንብር የአይክ እጅ ያለበት ነው፣ ባንዱም የአይክ ባንድ ነው። ሙዚቀኛነቱን ማንም አይክደውም። በዚያው ጊዜ ግን ያቺ ሴት መድረክ ላይ የምትወጣው ተመትታ፣ ቁስሏን በሜካፕ ሸፍና ነበር፤ ይህን ራሷ ለዓለም ተናግራዋለች። ስለዚህ «ከፍታዋ» ስንል የማንን ከፍታ እንደምንቆጥር እንጠንቀቅ። ሥራው ከፍ ያለ ነው፤ ሠራተኛዋ ግን ያኔ በሕይወቷ ከሁሉም የከፋው ቦታ ላይ ነበረች። እኔ እነዚህን ሁለቱን ለያይቼ ማየት አልችልም። ከፍታ የምለው ሁለቱም አንድ ላይ የቆሙበትን ጊዜ ነው።


ሰባዎቹ ጻፉ፦

ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። አንድ የዘለላችሁት ነገር ስላለ ነው የገባሁት።

ሁላችሁም ከ«ፕራውድ ሜሪ» ዘላችሁ ፍቺው ላይ ደረሳችሁ። መሃል ላይ 1973 አለ፤ «ነትቡሽ ሲቲ ሊሚትስ»። ይህን ዘፈን የጻፈችው ራሷ ቲና ናት። ያደገችባትን የቴነሲ መንደር፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የመኪናውን የፍጥነት ገደብ ሳይቀር እየጠራች ዘፈነቻት። ጊታሩ የቆሸሸ ድምፅ ያለው፣ ከበሮው የሚረግጥ፣ ንጹሕ ሮክ ነው። እንግሊዝ 4ኛ ወጣ። ሌላ ሰው የጻፈላትን ትዘፍናለች እንጂ የራሷ የላትም ለሚሉ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው።

ከዚያ በ1975 ኬን ራስል በሠራው ፊልም ላይ አሲድ ክዊንን ሆና ተወነች፤ በዚያው ስም ያለውን የዘ ሁ ባንድ ዘፈን ከደራሲዎቹ በላይ የራሷ አደረገችው። በዚያው ስም ያወጣችው አልበም የመጀመሪያው ገጽ የሮሊንግ ስቶንስን፣ የዘ ሁን፣ የሌድ ዘፕሊንን ዘፈኖች ይዟል። የሮክ ወንዶች የዘፈኑትን ወስዳ በሴት አፍ ስትዘፍነው ትርጉሙ ይገለበጣል። «አንደር ማይ ተም»ን ስሙት፤ ወንድ ሲዘፍነው ስለ ሴት መግዛት ነው፣ እሷ ስትዘፍነው ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ በተለይ ያኔ ቤቷ ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው።

ስለዚህ ሮክን በ1980ዎቹ ማኔጀሯ አስተማራት የሚለው ወሬ ለእኔ አይጥመኝም። ታውቀው ነበር።


ሸክላ ሰብሳቢ ጻፈ፦

ጋሼ፣ ስለ «አሲድ ክዊን» ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሁለተኛው ገጽስ ግን? እሱ ወደ አይክ ነገር ይመለሳል፤ የመጀመሪያው ገጽ የከፈተውን በር ይዘጋዋል። አንድ ሸክላ ላይ ሁለት ቲና አለች፤ አንዷ መሄድ የምትፈልግ፣ ሌላዋ እንዳትሄድ የተያዘች። በዓመቱ ሄደች።


ሰባዎቹ ጻፉ፦

ይህን አባባልህን ወድጄዋለሁ። ግን የመጀመሪያው ገጽ ብቻውን ከብዙ ሰው ሙሉ አልበም ይበልጣል፤ ከዚህ ፈቀቅ አልልም።


አዲስ ጆሮ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የማውቀው «ዘ ቤስት»ን ብቻ ነበር፤ ስፖርት ሜዳ ላይ የሚለቀቀውን ማለቴ ነው። ይህን ክር አንብቤ «ሪቨር ዲፕ»ንና «ነትቡሽ»ን አሁን ሰማኋቸው። አንድ ሰው መሆኗን ለማመን ተቸገርኩ። ግን ጥያቄ አለኝ፤ በ1984 ምን ተፈጠረ? አርባ አራት ዓመት የሞላት፣ ኩባንያ የሌላት ዘፋኝ እንዴት አንደኛ ትወጣለች?


ከመድረክ ጀርባ ጻፈች፦

አዲስ ጆሮ፣ እንኳን መጣህ። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን የተፈጠረ ነገር አይደለም። በ1979 አካባቢ ሮጀር ዴቪስ የሚባል አውስትራሊያዊ ማኔጀር ያዘች። የሚያብለጨልጨውን የሆቴል ትርኢት ልብስ አስወለቃት፣ ባንዱን አሳነሰና ወደ ሮክ አዞረው። ጋሽ ሰባዎቹ እንዳሉት አላስተማራትም፤ መንገዱን ጠረገላት ማለት ይሻላል። በ1981 ኒው ዮርክ ሪትዝ በሚባለው ክለብ ዘፈነች፤ ሮድ ስቱዋርት አይቷት ወደ ቴሌቪዥን ወሰዳት፤ ሮሊንግ ስቶንስም እንደገና ጠሯት። በ1982 የእንግሊዙ ባንድ የሄቨን ሰቨንቲን ልጆች፣ ማርቲን ዌርና ጓደኛው፣ ለአንድ የጋራ አልበም አንድ የቴምፕቴሽንስ ዘፈን አዘፈኗት። ስቱዲዮ ስትገባ ባንዱ የታለ ብላ እንደጠየቀች ይነገራል፤ የጠበቃት ሲንተሳይዘር ብቻ ነበር።

ከዚያ በ1983 ዴቪድ ቦዊ ኒው ዮርክ ውስጥ ለካፒቶል ሪከርድስ ሰዎች ዛሬ ማታ የምወዳትን ዘፋኝ ላይ ሪትዝ እሄዳለሁ አላቸው፤ ተከትለውት ሄዱ። በዓመቱ መጨረሻ የአል ግሪንን «ሌትስ ስቴይ ቱጌዘር» ከማርቲን ዌር ጋር ሠራች፤ እንግሊዝ 6ኛ፣ አሜሪካ 26ኛ። ካፒቶል ደነገጠና አልበም በአስቸኳይ አለ። «ፕራይቬት ዳንሰር» ለንደን ውስጥ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው የተቀዳው።

የ«ሌትስ ስቴይ ቱጌዘር»ን መክፈቻ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ከበሮ የለም። የተዘረጋ የሲንተሳይዘር ድምፅና እሷ ብቻ። ትንፋሽዋ ሳይቀር ይሰማል። ቃላቱን ትጎትታቸዋለች፣ ጫፋቸውን ትሰብራለች፣ እንደገና ታነሳቸዋለች። አል ግሪን ይህን ዘፈን በልስላሴ ነው የለመነው፤ እሷ ግን ስለ መለያየት የምታውቀውን ሁሉ ይዛ ነው የገባችው። ከዚያ ኤሌክትሪኩ ከበሮ ይጀምርና ዘፈኑ ይነሳል። የእኔ ከፍታ እዚህ ነው፤ ከበሮው ከመግባቱ በፊት ያለው ክፍል።


ጥሬ ድምፅ ጻፈች፦

ከመድረክ ጀርባ፣ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል። እኔ ግን «ፕራይቬት ዳንሰር» እንደ አልበም ተለቃቅሞ የተሰፋ ነው እላለሁ። ሩፐርት ሃይን አንዱን ሠራ፣ ቴሪ ብሪተን ሌላውን፣ ማርቲን ዌር ሌላውን፣ ጆን ካርተር ሌላውን። አንድ መልክ የለውም።


ከመድረክ ጀርባ ጻፈች፦

አንድ የሚያደርገው ድምፅዋ ነው። አስቢው እስቲ። «ዋትስ ላቭ ጎት ቱ ዱ ዊዝ ኢት» ለእሷ ከመድረሱ በፊት ለሌሎች ተሰጥቶ ነበር፤ እሷ ራሷ መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም፣ ለስላሳ ፖፕ ነው ብላ። ቴሪ ብሪተን ቁልፉንና ስሜቱን ለእሷ እንዲሆን አስተካከለው። ውጤቱ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሳምንት አንደኛ። «ፕራይቬት ዳንሰር»ን ማርክ ኖፕፍለር ለባንዱ ለዳየር ስትሬትስ ነበር የጻፈው፤ ይህ በወንድ አፍ አይዘፈንም ብሎ አስቀምጦት ነበር። እሷ ጋ ሲደርስ የቀሩት የዳየር ስትሬትስ አባላት አጀቧት፣ ጊታሩን ጄፍ ቤክ ነካው። በዚያ ዘፈን ላይ ከሰባት ደቂቃ በላይ አንዴም ያለ ቦታው አትጮህም። ለገንዘብ የምትደንስ ሴት ድካም ነው፤ ድካሙን በድምፅ መጠን ሳይሆን ድምፅን በመቆጠብ ነው ያሳየችው። አምስት ፕሮዲዩሰር ቢኖር፣ አሥር ቢኖር፣ ያን የምታደርገው እሷ ናት።

በ1985ቱ ግራሚ የዓመቱን ቅጂ፣ የፖፕ ሴት ድምፃዊትንና የሮክ ሴት ድምፃዊትን ሽልማቶች ወሰደች። ሮክ አይደለችም ለሚል ሰው፣ የሮክ ሴት ድምፃዊትን ግራሚ ከ1985 እስከ 1987 ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ከዚያ በ1989 እንደገና ወስዳለች።


ማለዳ ሬዲዮ ጻፈ፦

በ1985 ያልሠራችው ነገር የለም። ለኢትዮጵያ ረሃብ ዕርዳታ በተቀዳው «ዊ አር ዘ ወርልድ» ላይ ከቢሊ ጆኤል ጎን ድምፅዋ ይሰማል። ጁላይ ላይ በላይቭ ኤድ ፊላደልፊያ ከሚክ ጃገር ጋር መድረኩን አናወጠችው። ማድ ማክስ ላይ ተወነች፤ የፊልሙ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 2ኛ ወጣ። የሥራዋ ጫፍ በአንድ ዓመት ይቆጠር ከተባለ ያ ዓመት ነው።


ሸክላ ሰብሳቢ ጻፈ፦

እሺ፣ አሁን ወደ 1986 ልምጣ፤ ቃል ገብቻለሁና።

«ብሬክ ኤቭሪ ሩል» ላይ ያሉትን ስሞች ተመልከቱ። ቴሪ ብሪተን እንደገና፣ ሩፐርት ሃይን እንደገና፣ ማርክ ኖፕፍለር እንደገና። ዴቪድ ቦዊ ዘፈን ሰጣት። ብራያን አዳምስ አለበት። ፊል ኮሊንስ ከበሮ መታ። ርዕሱ ሕግን ሁሉ ጣሺ ይላል፤ አልበሙ ግን ባለፈው የሠራውን ሕግ ሁሉ አክብሮ ነው የሄደው። «ቲፒካል ሜል» 2ኛ ወጣ፣ ጥሩ። ግን ስሙት! ከበሮው ላይ ያ የዘመኑ ማሚቶ ተጭኗል፣ ሲንተሳይዘሩ ባዶ ቦታ ሁሉ ሞልቶታል። «ፕራይቬት ዳንሰር» ላይ እሷ እንድትተነፍስ የተተወላት ቦታ እዚህ ላይ የለም። በ1966 ስፔክተር ያን ሁሉ መሣሪያ ሲያቆም እሷን ከላይ ለማስቀመጥ ነበር። እዚህ ግን ድምፅዋ ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ሆነ።

ለምን ዝቅታ እላለሁ? በ1979 ብታጣ ምርጫ ስላልነበራት ነው፤ የሰጧትን ዘፈነች። በ1986 ግን ዓለም በእጇ ነበር። ማንኛውም ዘፈን ደራሲ ይጽፍላት ነበር፣ የነትቡሹን ዓይነት የራሷን ነገር እንኳ መሥራት ትችል ነበር። ድፍረት ያለው ነገር መሥራት በምትችልበት ሰዓት የተጠነቀቀ ነገር ተሠራላት። እኔ የዘፋኝን ዝቅታ የምለካው ባላት አቅምና በሠራችው መካከል ባለው ርቀት ነው።


የቤዝ መስመር ጻፈ፦

እዚህ ላይ በጥብቅ እለያለሁ።

አልበም ብቻህን ቁጭ ብለህ የምትሰማው ነገር ብቻ አይደለም፤ የኮንሰርት ጉዞ መነሻም ነው። ያ አልበም ባይኖር የ1987 እና የ1988ቱ ጉዞ አይኖርም ነበር። ጃንዋሪ 1988 ሪዮ ላይ ማራካና ስታዲየም ከ180,000 በላይ ሰው ፊት ዘፈነች፤ ለአንድ ድምፃዊ በትኬት የገባ የዚያን ያህል ሕዝብ ስላልነበረ በድንቃ ድንቅ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ያኔ 48 ዓመቷ ነው። ከዚያ ጉዞና ከቀደሙት የተሰበሰበውን የአውሮፓ ኮንሰርት ሸክላ አውጥተህ የ1986ቱን ዘፈኖች እዚያ ላይ ስማቸው። ማሚቶው የለም፣ ባንዱ እውነተኛ ነው፣ ቦታውን መልሳ ወስዳዋለች። የ1989ኙን የሮክ ግራሚ ያመጣላት ያ ሸክላ ነው። ዘፈኖቹ ደካማ ቢሆኑ ኖሮ መድረክ ላይ አይነሱም ነበር። ደካማው የስቱዲዮ ሥራው ነው።


ሸክላ ሰብሳቢ ጻፈ፦

የምልህን እያጠናከርክልኝ ነው። መድረክ ላይ ሁልጊዜ ከፍ ያለች ነች፤ በ1977 የሆቴል አዳራሽም ሆነ በ1988 ማራካና። ሸክላው ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። ልዩነታችን ዝቅታው የሸክላው ይባል ወይስ የእሷ በሚለው ላይ ብቻ ነው።


ማለዳ ሬዲዮ ጻፈ፦

ስለ ዝቅታ ስታወሩ ሁላችሁም ወደ እሷ ብቻ ነው የምትጠቁሙት። እኔ ደግሞ ወደ አድማጩ ልጠቁም።

«ፎሪን አፌር» በ1989 ወጣ። እንግሊዝ አንደኛ። አሜሪካ? 31ኛ። በአንድ አልበም ላይ እንዲህ ዓይነት ልዩነት! «ዘ ቤስት»ን ከእሷ በፊት ቦኒ ታይለር በ1988 ዘፍናው ነበር፤ ብዙም አልተሰማም። ቲና ስትወስደው መሃል ላይ የሚያሻግር ክፍል እንዲጨመርበትና ቁልፉ ከፍ እንዲል ጠየቀች። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሷ ያስጨመረችውን ከፍታ ነው። የሳክስፎኑ ሶሎ ደግሞ የኤድጋር ዊንተር ነው። አሜሪካ ግን 15ኛ ላይ ተወው። በዚያው አልበም ላይ ቶኒ ጆ ዋይት የጻፋቸው ዘፈኖች አሉ፤ «ስቲሚ ዊንዶውስ» ከደቡቡ አፈር የወጣ፣ ለነትቡሽ ልጅ ልክ የተሰፋ ሮክ። ሸክላ ሰብሳቢ፣ በ1986 የፈለግከው ነገር ከሦስት ዓመት በኋላ መጣልህ፤ አገሯ ግን ጆሮውን አልሰጣትም።

ክብሩም እንዲሁ ዘግይቶ ነው የመጣው። በ1991 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ውስጥ ሲያስገቧት ከአይክ ጋር አጣምረው ነው። ጥላው ከወጣች አሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ «ፕራይቬት ዳንሰር»ን ከሠራች ሰባት ዓመት በኋላ! በራሷ ስም ለብቻዋ የገባችው በ2021 ነው፤ 81 ዓመቷ ላይ። የሙዚቃውን ኢንዱስትሪ ዝቅታ የምትፈልጉ ከሆነ እዚያ ነው። አውሮፓ ኖራ፣ በ2013 የስዊስ ዜግነት ወስዳ፣ እዚያው በ2023 አረፈች። ለምን እንደቀረች አይገርመኝም።


ሰባዎቹ ጻፉ፦

የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ ብያታለሁ። ከአይክ ጋር አጣምረው ያስገቧት ቀን እሷም አልተገኘችም።


ጥሬ ድምፅ ጻፈች፦

ማለዳ ሬዲዮ፣ የክብር አዳራሹ ነገር ያበሳጨኛል፤ እዚያ ላይ አብረን ነን። ግን ስለ ዘጠናዎቹ ማንም አላነሳም። የ1995ቱ «ጎልደን አይ» ግሩም ነው፤ ቦኖና ኤጅ ጻፉላት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደ ድመት ትራመዳለች። የ1999ኙ «ትዌንቲ ፎር ሰቨን» ግን? መሪው ዘፈን ከሼር «ቢሊቭ» ፕሮዲዩሰሮች እጅ የወጣ ነው፤ ያው ወጥ የዳንስ ምት። ሃያ ዓመት ዞረን ወደ «ላቭ ኤክስፕሎዥን» ተመለስን። ስህተቱ ያው ነው፤ ከማይመልስላት ከበሮ ጋር አጋጠሟት። ሸክላ ሰብሳቢ 1986 ይላል፤ እኔ 1979 እና 1999 እላለሁ፣ ምክንያቱ አንድ ስለሆነ።


የቤዝ መስመር ጻፈ፦

በዚያም አልበም ግን በ2000 ጉዞ ወጣች፤ በዚያ ዓመት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከእሷ በላይ ገቢ ያስገባ የኮንሰርት ጉዞ አልነበረም። 60 ዓመቷ ነው። እንደገና ሸክላው ደከመ፣ መድረኩ አልደከመም።


አዲስ ጆሮ ጻፈ፦

የተባለውን ሁሉ በተራ ሰማሁ። «ቲፒካል ሜል»ን መጀመሪያ ከስቱዲዮው አልበም፣ ከዚያ ከአውሮፓው ኮንሰርት። የቤዝ መስመር እንዳለው ዘፈኑ መድረኩ ላይ ይነሳል፤ ግን የሸክላ ሰብሳቢም ቅሬታ ገባኝ፣ ስቱዲዮው ላይ የምትዘፍነው ከመስታወት ጀርባ ይመስላል። ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን ማንም ያልጠቀሰው ነው፤ «አይ ማይት ሃቭ ቢን ክዊን»፣ «ፕራይቬት ዳንሰር»ን የሚከፍተው። ስለ ራሷ ሕይወት የተጻፈ ይመስላል። ነው እንዴ?


ከመድረክ ጀርባ ጻፈች፦

ነው! ግጥሙን የጻፈችው ጃኔት ኦብስቶጅ ናት፤ ቲና ስለ ሕይወቷና ስለ ቡድሃ እምነቷ ያወራቻትን ሰምታ። ያንን አልበም በዚያ ዘፈን መክፈታቸው በአጋጣሚ አይደለም። አሁን ደግሞ የ1974ቱን «ቲና ተርንስ ዘ ከንትሪ ኦን» ፈልገው፤ የመጀመሪያዋ የብቻዋ አልበም ነው፣ ዲላንንና ክሪስቶፈርሰንን በፀጥታ የዘፈነችበት። ሰምተህ ስትጨርስ እዚሁ ጻፍ፤ እኔና ጥሬ ድምፅ በእሱ ላይ ገና አልተጣላንም።


ጥሬ ድምፅ ጻፈች፦

እንጣላለን። ያ አልበም «አሲድ ክዊን»ን ያስከነዳል።


ሰባዎቹ ጻፉ፦

ይህንንስ ዝም ብዬ አላልፈውም። ነገ እመለሳለሁ።